የካሜራ ቦርሳ ወይስ የተራራ ቦርሳ? ክርክር

ካሜራ፣ ሁለት ሦስት ሌንስና ትራይፖድ ይዞ ለሀይኪንግ የሚወጣ ሰው የቱን ቦርሳ ይግዛ? ለካሜራ ተብሎ የተሠራውን ነው ወይስ ደህና የተራራ ቦርሳ ገዝቶ ዕቃውን በኢንሰርት፣ ማለትም ተነቃይ በሆነ ባለ ስፖንጅ ሣጥን፣ ውስጡ ይክተት? ሁለቱም ተከራካሪዎች ፎቶ ያነሳሉ። አንደኛው ግን ድንኳን ተሸክሞ ውጭ የሚያድር ተጓዥ ነው፤ ሁለተኛዋ ወፍና የዱር እንስሳ ስትጠብቅ የምትውል ፎቶ አንሺ ናት።

ተጓዡ፦ ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ከጀርባ ልጀምር። ሰው ቦርሳ ሲመርጥ የኪሱን ብዛትና የክፍልፋዩን አደራደር ያያል። እኔ ቀድሜ የማየው ቀበቶውን ነው። ከባድ ሸክም በትከሻ አይዘለቅም። አብዛኛው ክብደት በወገብ ቀበቶው በኩል የዳሌ አጥንት ላይ ማረፍ አለበት፤ የትከሻ ማንገቻው ሥራ ቦርሳው ወደ ኋላ እንዳይሸሽ መያዝ ነው። ይህ እንዲሆን የቦርሳው ጀርባ በእርስዎ ጀርባ ልክ መሆን አለበት። መለኪያው ደግሞ ቁመት እንዳይመስልዎ። አንገትዎን ወደ ፊት ደፋ ሲያደርጉ ከአንገት ሥር ጎላ ብላ የምትወጣ አጥንት አለች። ሁለት እጅዎን የዳሌ አጥንትዎ ጫፍ ላይ አሳርፈው አውራ ጣቶችዎን ወደ አከርካሪዎ ያዙሩ። ከዚያች አጥንት አንሥቶ አውራ ጣቶቹ እስከሚያመለክቱት መስመር ድረስ ሜትሩ የአከርካሪውን ጉብጠት ተከትሎ ሲወርድ የሚገኘው የጀርባዎ ርዝመት ነው። ቁመታቸው እኩል የሆነ ሁለት ሰዎች በዚህ ልኬት ሊለያዩ ይችላሉ። የተራራ ቦርሳ አምራቾቹ ኦስፕሬይና ግሪጎሪ ትልልቅ ቦርሳዎቻቸውን በየልኩ የሚያወጡት ያለ ነገር አይደለም። ብዙ የካሜራ ቦርሳ ግን ለሁሉም አንድ ልክ ነው፤ ቀበቶውም ሆድ ላይ የምትቆለፍ ቀጭን ጥብጣብ ትሆንና ምንም ሳትሸከም ትውላለች።

ክብደቱንም እንደምረው። አራተኛው ትውልድ ሶኒ ኤ7 ካሜራ ከነባትሪውና ከነካርዱ 658 ግራም ነው። የሶኒ ሁለተኛው ትውልድ ጂ ማስተር ሌንሶች (በሚሊ ሜትር የትኩረት ርዝመታቸው ሲጠሩ) ሲመዘኑ 24-70ው 695 ግራም፣ 70-200ው ያለ ትራይፖድ ማሰሪያ ቀለበቱ 1,045፣ 16-35ው 547። ትራይፖድ ሳይነሳ 3 ኪሎ ሊሞላ 55 ግራም ነው የጎደለው። ለትራይፖዱ 1.5 ኪሎ፣ ለ2 ሊትር ውኃ 2 ኪሎ ጨምሩበት። ድንኳኑ፣ ስሊፒንግ ባጉ፣ ምግቡ፣ የብርድ ልብሱ ሲከተል ከ15 ኪሎ በታች የወጣ ሰው ጎበዝ ነው። ለረጅም ጉዞ በተለምዶ የሚመከረው ከራስ ክብደት 20 በመቶ ገደማ ነው፤ 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 14 ኪሎ ማለት ነው። ሒሳቡ ገና ከመጀመሪያው አልፏል። 58 ሊትር የሚይዘው ኦስፕሬይ ኤክሶስ 58 ባዶውን 1.3 ኪሎ አካባቢ ሲሆን፣ ያን ያህል የሚይዝ የካሜራ ቦርሳ ኢንሰርቱ ሳይገባ 2 ኪሎ ይጠጋል። ልዩነቱ አንድ ሌንስ ነው።

ፎቶ አንሺዋ፦ ስለ ጀርባው የተናገሩትን አልቃወምም። ግን ወንድሜ የሚከራከሩት ከከተማ ቦርሳ ጋር ነው። ላፕቶፕና አንድ ካሜራ ይዞ ታክሲ ለሚሳፈር ሰው የተሠራውን አምጥተው ዳገት ላይ ያቆሙትና “ቀበቶው ደካማ ነው” ይላሉ። ይሆናላ! ሺሞዳ ለተራራ የሠራውን የካሜራ ቦርሳ ይዩ፤ ማንገቻው እንደ ጀርባው ርዝመት ከፍ ዝቅ ይላል፤ ለሴት ትከሻና ደረት የተቀረጸ ማንገቻም አለው፤ ይህ እኔን ለመሰለች ሰው ትንሽ ነገር አይደለም። የኤፍ-ስቶፕ የካሜራ ቦርሳ ቲሎፓም 50 ሊትር ይይዛል፣ ውስጡ የአሉሚኒየም ፍሬም አለው፣ ኢንሰርቱም እንደ ጉዞው ትንሹ ወጥቶ ትልቁ ይገባል። ጀርባዬን ለካሜራ ስል አልሸጥኩም።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የተራራ ቦርሳ የሚከፈተው ከላይ ነው። ደመናው ተሰንጥቆ ብርሃን ሸለቆው ላይ ወረደ እንበል። ቦርሳውን ያወርዳሉ። የክዳኑን ሁለት መቆለፊያ ይፈታሉ፣ ገመዱን ያላላሉ፣ ጃኬቱን ያወጣሉ፣ የምግቡን ከረጢት ያወጣሉ፣ ከዚያ በኋላ ነው የኢንሰርቱ ዚፕ የሚገኘው። ዕቃዎ እርጥብ ሣር ላይ ተዘርግቷል፤ ብርሃኑም የለም። ከጀርባ የሚከፈተው የካሜራ ቦርሳ እንዲህ አያደርግም። ሎዌፕሮ ፍሊፕሳይድ ያላቸው ቦርሳዎች አሠራር ይኸው ነው፦ ማንገቻውን ከትከሻ ያወልቃሉ፣ ቀበቶው ወገብዎ ላይ እንደታሰረ ቦርሳውን ዙሪያውን ወደ ፊት ያዞሩታል፣ ሆድዎ ላይ እንደ ጠረጴዛ ይዘረጋል። ዚፑን ከፍተው ሌንስ ይቀይራሉ፤ አንዲት ነገር መሬት አትነካም። መሬት ላይ ማሳረፍ ግድ ቢሆን እንኳ ቦርሳው በፊቱ ስለሚተኛ ጭቃው የሚይዘው የውጭውን ጨርቅ ነው። ከላይ የሚከፈተውንማ በጀርባው አስተኝተው ጭቃውን መልሰው ሸሚዝዎ ላይ ይለጥፉታል።

ተጓዡ፦ ማዞሩ ያምራል፣ በ20 ሊትር ቦርሳ። 15 ኪሎ የተጫነውን ገደል ዳር ሲያዞሩት ግን እኔ ከአጠገብዎ ባልቆም እመርጣለሁ። ደግሞስ የተራራ ቦርሳ ሁሉ ከላይ ብቻ ነው የሚከፈተው ያለው ማን ነው? የግሪጎሪ ባልቶሮ ፊቱ ላይ በሰፊው የሚከፈት ዚፕ አለው፤ ክዳኑን ሳልነካ ኢንሰርቱ ጋ እደርሳለሁ።

ለፈጣኑ ፎቶ ከሆነ ደግሞ የትኛውም ቦርሳ ዘግይቷል። ተራራ ወጪና ፎቶ አንሺ የነበረው ጌለን ሮዌል ስሙን ያስጠራው ቀላል ባለ 35 ሚሊ ሜትር ካሜራ ይዞ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ላሳ ላይ ቀስተ ደመናው በፖታላ ቤተ መንግሥት ላይ እንዲያርፍለት ቦታ ፍለጋ ሮጦ ያነሳው ፎቶ ዛሬም ይጠቀሳል። በዚያ ከፍታ የሮጠ ሰው ዙሪያውን የሚያዞረው ቦርሳ አልነበረውም። ዛሬ ፒክ ዲዛይን ካፕቸር የሚላትን መቆንጠጫ ማንገቻው ላይ ጠምዶ ካሜራውን እዚያው መሰካት ይቻላል። የሚሠራው ካሜራ ውጭ፣ ተራ ጠባቂው ሌንስ ውስጥ ከሆነ ቦርሳው በቀን ስንቴ ይከፈታል?

ፎቶ አንሺዋ፦ ያልተነካ ግልግል ያውቃል! ትንሽ ሌንስ ለያዘ ሰው ሁሉም ነገር ደረት ላይ ይሰካል። የእኔ ሶኒ 200-600 ሌንስ ያለ ትራይፖድ ማሰሪያ እግሩ 2,115 ግራም ነው፤ ርዝመቱ 31.8 ሴንቲ ሜትር። ካሜራው ሲገጠምለት ከ35 ያልፋል። ይህን አንድ ማንገቻ ላይ ብሰካው በየእርምጃው ጎኔን እየጎሰመ አንዱን ትከሻዬን ያጎብጠዋል። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ደረት ላይ ያለ ካሜራ የሚረገጠውን ድንጋይ ይጋርዳል። ጭልፊት “ቆይ ሌንስ ልግጠም” ብትባል አትቆምም፤ ሌንሴ ካሜራው ላይ እንደተገጠመ በሙሉ ቁመቱ መተኛት አለበት። ለዚህ የሚበቃ ስፋትና ክፍልፋይ ያለው የካሜራ ቦርሳ ነው።

ስለ ኢንሰርትዎም አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የተራራ ቦርሳ ሆዱ ክብ ነው፤ ኢንሰርት አራት ማዕዘን ነው። ካላሰሩት ይዋልላል፤ ሲዋልል ይወርዳል። ከባዱ ዕቃ ደግሞ ለጀርባ ቀርቦ ከፍ ማለት እንዳለበት ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። የእርስዎ 3 ኪሎ ካሜራ ቦርሳው ቂጥ ላይ ተቀምጦ ወደ ኋላ ሲጎትትዎ ያ ሁሉ የአከርካሪ ልኬት ምን ጠቀመ?

ተጓዡ፦ ቂጡ ላይ ማን አስቀመጠው እህቴ? ከታች ስሊፒንግ ባግ፣ በላዩ ኢንሰርቱ ወደ ጀርባ ተጠግቶ፣ በግራና ቀኙ ክፍተት ሹራብና ካልሲ። ከዚያ የጎን ማጥበቂያዎቹ ይጠበቃሉ። ካልሲው ያለ ተጨማሪ ግራም ስፖንጅ ሆነ ማለት ነው፤ በካሜራ ቦርሳ ግን ስፖንጁም ካልሲውም ይሸከማሉ። አውሮፕላን ላይ ደግሞ ኢንሰርቱን በእጀታው መዝዤ አወጣለሁ፤ ትርፍ የሊቲየም ባትሪ በካርጎ ስለማይፈቀድ ባትሪዎቹም ከእሱ ጋር ካቢን ይገባሉ፤ ድንኳኑን የያዘው ትልቁ ቦርሳ ካርጎ ይሂድ።

ፎቶ አንሺዋ፦ የእኔ ባለ 30 ሊትሩ እንዳለ ካቢን ይገባል፤ መምዘዝ አያሻውም። ይህን ብናልፈው ይሻላል፤ እኩል ነን። ትራይፖዱን የት ነው የሚያንጠለጥሉት?

ተጓዡ፦ የጎን ኪስ ውስጥ እግሩን ከትቼ ከላይ በማጥበቂያው አስረዋለሁ። በሌላው ጎን 1.5 ሊትር ውኃ። ትራይፖዱም 1.5 ኪሎ፣ ውኃውም 1.5 ኪሎ፤ ሚዛኑ ተጠበቀ።

ፎቶ አንሺዋ፦ ውኃው ሲጠጣስ? እስከ ከሰዓት በኋላ ወደ ትራይፖዱ ዘመው ሊጨርሱት ነው። የእኔ ቦርሳ ፊቱ ላይ መሐል ለመሐል ማሰሪያ አለው።

ተጓዡ፦ መሐል የተሰቀለ ትራይፖድ ከጀርባ ሩቅ ስለሆነ ወደ ኋላ ይጎትታል፤ ዳገት ላይ እሱም ይቆጠራል። ውኃውን ስጠጣ የከበደውን ዕቃ ወደዚያ ጎን አዛውራለሁ፣ እሱ ይቀለኛል።

ስለ ዝናብ አንስተው ቢሆን ኖሮ አንድ ነገር እል ነበር። የዝናብ ሽፋን የቦርሳውን ፊት እንጂ ጀርባውን አይሸፍንም፤ በአንገት የሚወርደው ውኃ በሰውና በቦርሳ መካከል ይንቆረቆራል። የእርስዎ ቦርሳ ትልቁ ዚፕ ያለው በዚያው በኩል ነው። እኔ ኢንሰርቱን አፉ በሚጠቀለል ውኃ የማያስገባ ከረጢት እከተዋለሁ፤ ሽፋኑ ቢቀርም አይጨንቀኝም። ሌሊት ከብርድ ወደ ሞቀ ድንኳን ስገባም ከረጢቱን ሳልከፍት አቆየዋለሁ፤ ካሜራው ቀስ እያለ እስኪሞቅ ሌንሱ ላይ ጤዛ አይዝም።

ፎቶ አንሺዋ፦ ከረጢቱ መልካም ነው፤ የጀርባውንም ዚፕ ነገር እቀበላለሁ፣ ዶፍ ከሆነ ይሰጋል። ግን እስቲ ይታይዎ፤ ክዳን፣ ገመድ፣ ከረጢት፣ የኢንሰርት ዚፕ። ካሜራዎ ከአራት በር ኋላ ነው ያለው። ደረትዎ ላይ ያለውን ካልቆጠርን በቀር እርስዎ የሚያነሱት ድንኳን ከተከሉ በኋላ ነው።

ተጓዡ፦ ድንኳን ከተከልኩ በኋላና ከመንቀሌ በፊት ነው እንጂ ጥሩው ብርሃን ያለው! የሚያምረው ሰዓት እዚያ ያደረ ሰው የሚያገኘው ነው። በእርስዎ ባለ 30 ሊትር፣ ያን ትልቅ ሌንስ ከያዙ በኋላ፣ ስሊፒንግ ባጉ የት ይገባል? ሁለት ሌሊት ውጭ እደር ቢባሉ ቦርሳ አይቀይሩም?

ፎቶ አንሺዋ፦ አልቀይርም። 200-600ውን ይዤ ሁለት ሌሊት የምወጣ ከሆነ ድንኳኑን የሚሸከምልኝ ሰው ይዤ እወጣለሁ።

ተጓዡ፦ ያ ሰውዬ የሚያነግተው እንግዲህ የእኔን ዓይነት ቦርሳ ነው።