ከአንድ አለት የተፈለፈለ ሶፍትዌር

ላስታ ወርዶ ቤተ ጊዮርጊስን ያየ ሰው አንድን ሕንፃ ከላይ ወደ ታች ከአንድ ወጥ አለት ፈልፍሎ ማውጣት ምን ዓይነት ጥበብና ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ያውቃል። እንዲህ ያለው አሠራር የሚስማማው ለዘመናት ሳይነካ እንዲቆም ለታሰበ ነገር ነው፤ አዋጅ በወጣ ቁጥር መለወጥ ያለበት የንግድ ሶፍትዌር ግን በዚህ መንገድ ሊሠራ አይገባውም።

በደሴና በኮምቦልቻ ለነጋዴዎችና ለአነስተኛ ፋብሪካዎች ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ስተክል ቆይቻለሁ። ባለቤቱ የሚጠይቀኝ ብዙ ጊዜ የመጋዘን ቁጥጥር ብቻ ነው፤ የምተክልለት ግን ግዥን፣ ሽያጭን፣ ደመወዝንና የማምረቻ ዕቅድን አንድ ላይ ያቆራኘ ግዙፍ ሥርዓት ይሆናል። የፈቃድ ክፍያ የለበትም፤ ኮዱንም ማንም ማንበብና ማሻሻል ይችላል። ይህ ነፃነት ግን አንዱን ክፍል ከሌላው ነጥሎ መንካት ካልተቻለ ለባለ ሱቁ እምብዛም አይጠቅመውም።

በአንድ የኮምቦልቻ ድርጅት የገጠመኝን ልጥቀስ። የበጀት ዓመታችን የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው፤ ይህም በፈረንጆች ጁላይ 8 ላይ ይውላል። ሶፍትዌሩ ወር ሁሉ በፈረንጆች ወር መባቻ ይጀምራል ብሎ ስለሚያስብ፣ ወርኃዊውን የታክስ ሪፖርት በእኛ ወር ለማውጣት የኮዱን እምብርት መቀየር ግድ ሆነብኝ፤ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ የሚታሰበውን የጡረታ መዋጮም እዚያው ጨመርኩት። በዓመቱ አዲስ እትም ወጣና ስንጭነው ለውጦቼ በሙሉ ጠፉ፤ መልሰን ብንጨምራቸው ደግሞ ከአዲሱ ኮድ ጋር ተጋጩ። ድርጅቱ ወደ አሮጌው እትም ተመልሶ የደኅንነት ማስተካከያዎች ሳይደርሱት ቀረ። እምብርቱን መንካቴ ስህተት ነበር፤ ነገር ግን ሶፍትዌሩ ሌላ በር አልተወልኝም።

መፍትሔው ኮዱን በየማህደሩ ከፋፍሎ ማስቀመጥ ብቻ አይደለም። የሽያጩ ክፍል የመጋዘኑ መረጃ በሚቀመጥበት ሠንጠረዥ ላይ በቀጥታ የሚጽፍ ከሆነ፣ ማህደሩ ቢለያይም ሁለቱ አሁንም አንድ አካል ናቸው። እያንዳንዱ ሠንጠረዥ አንድ ባለቤት ሞጁል፣ ማለትም ራሱን የቻለ የሶፍትዌር ክፍል፣ ሊኖረው፣ ሌሎቹም በታወቀና በተጻፈ ኤፒአይ (ክፍሎች እርስ በርስ በሚጠያየቁበት መግቢያ) በኩል ብቻ ሊጠይቁት ይገባል፤ ኤፒአዩ ሲለወጥም አሮጌው መግቢያ ለተወሰነ ጊዜ ክፍት መቆየት አለበት። በዚህ አቅጣጫ የተጀመሩ ሥራዎች አሉ። ኢአርፒኔክስት የተባለው ክፍት ምንጭ የንግድ ሶፍትዌር በፈረንጆች 2022 በወጣው 14ኛ እትሙ የሰው ኃይልና የደመወዝ ክፍሉን ለይቶ ራሱን የቻለ መተግበሪያ አድርጎታል፤ ሌላው ተመሳሳይ ሶፍትዌር አፓቼ ኦፍቢዝም ተጨማሪ ክፍሎቹን ከመሠረቱ ነጥሎ በተለየ የኮድ ማከማቻ አስቀምጧል። ሁለቱም ለዓመታት አብሮ ያደገን ኮድ መለየት አድካሚ ቢሆንም የሚቻል መሆኑን ያሳያሉ።

በሌላ በኩል፣ ሞጁል ማድረግ ማለት እያንዳንዱን ክፍል በተለየ ሰርቨር ማስኬድ ነው የሚለውን አካሄድ አልደግፍም። ደሴ ውስጥ ያለ የጅምላ ነጋዴ ያለው አንድ ኮምፒውተር ነው፤ መብራትም ይጠፋበታል። ክፍሎቹ በአንድ ማሽንና በአንድ ዳታቤዝ ላይ አብረው ሊሠሩ ይችላሉ፤ ወሳኙ ድንበሩ በኮዱ ውስጥ መከበሩ ነው።

ከሌሎች ሥርዓቶች ጋር ማገናኘትም በእኛ አካባቢ የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። የቴሌብር ክፍያን ወይም የባንክን መረጃ ከሒሳብ መዝገቡ ጋር የሚያገናኝ ክፍል መስመር ሁልጊዜ አለ ብሎ ከተሠራ፣ መስመር በጠፋ ቀን ሽያጩንም አብሮ ያቆመዋል። መልእክቱ በወረፋ ተቀምጦ መስመር ሲመለስ መላክ አለበት፤ ሁለት ጊዜ ቢላክ እንኳ አንዱ ክፍያ ሁለት ጊዜ እንዳይመዘገብ እያንዳንዱ መልእክት የራሱ መለያ ቁጥር ሊኖረው የግድ ነው። በዚህ ጉድለት ምክንያት ሒሳቧ አልመጣጠን ብሎ ሌሊቱን ከደረሰኝ ጋር ስትታገል ያደረች ሒሳብ ሠራተኛ አውቃለሁ።

እኛ ሶፍትዌር የምንተክለውም የምንሠራው አለ። ዛሬ እያንዳንዳችን የዘመን አቆጣጠሩን፣ የታክሱንና የጡረታውን ስሌት ለየደንበኛው ከባዶ እንጽፋለን። በደቦ አረም እያንዳንዱ ትልሙን ይዞ እንደሚሄድ፣ እነዚህን ሦስቱን ለየብቻ ሞጁል አድርገን ከደሴና ከኮምቦልቻ ባለሙያዎች፣ ከወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ጋር ተከፋፍለን በጋራ ብንይዛቸው፣ ሕግ ሲለወጥ አንድ ቦታ ማረም ይበቃል። እኔ የምጀምረው ከዘመን አቆጣጠሩ ነው፤ ሌሎቹ ሁለቱ በእርሱ ላይ ስለሚቆሙ። ቀጣዩ ጳጉሜን 6 በ2019 ዓ.ም. ይመጣል፤ ሞጁሉ ከዚያ በፊት ተጠናቆ ያን ቀን በትክክል ቆጥሮ ማለፍ አለበት።