ሳልታመም ለምን ኪኒን እውጣለሁ?

የኤችአይቪ ቫይረስ በደማቸው የሚገኝ ብዙ ሰዎች ዛሬ ደህና ናቸው። መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ይወስዳሉ፣ ሥራ ይውላሉ፣ ልጅ ያሳድጋሉ። ለክትትል ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ግን "ቲቢ እንዳይይዝዎት ይህንንም ይጀምሩ" ይባላሉ። ያኔ ጥያቄው ይመጣል። ሳል የለኝ፣ ትኩሳት የለኝ፣ ሳልታመም ለምን ሌላ ኪኒን እውጣለሁ?

ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔን የሚያናድደኝ መልሱ ነው። "መመሪያው ነው" ብሎ ማለፍ መልስ አይደለም። ሰው ለመመሪያ ብሎ ለወራት ኪኒን አይውጥም። ሰውነቱ ውስጥ ያለውን ነገር ከተረዳ ግን ይውጣል።

የቲቢ ባክቴሪያ በትንፋሽ ይተላለፋል። ሕክምና ያልጀመረ የሳንባ ቲቢ ታማሚ ሲያስል የሚወጡት ደቃቅ ጠብታዎች አየር ላይ ይንሳፈፋሉ። "ብርድ ይገባል፣ ዝጋው" የምንባባልበት ታክሲ ለባክቴሪያው ምቹ ቦታ ነው። ሳንባ ሲደርስ የመከላከያ ሴሎች ይውጡታል። እሱ ግን ብዙ ጊዜ አይሞትም፣ እዚያው የዋጠው ሴል ውስጥ መኖር ይችላል። ሌሎች ሴሎች መጥተው ዙሪያውን ይከቡታል። ተከቦም ለዓመታት ሊቀመጥ ይችላል። ሰውየው ምንም አይሰማውም፣ ለሌላም አያስተላልፍም። ከዓለም ሕዝብ ሩብ ያህሉ በባክቴሪያው እንደተያዘ ይገመታል። ከእነዚህ ውስጥ በሕይወት ዘመናቸው የሚታመሙት ከ5 እስከ 10 በመቶ ብቻ ናቸው።

ከበባውን አጽንተው የሚይዙት ሲዲ-ፎር የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ናቸው። ኤችአይቪ ደግሞ ዋና ዒላማው እነዚሁ ናቸው። ቁጥራቸው ሲመናመን ከበባው ይላላል፣ ተኝቶ የኖረው ባክቴሪያም ይነሳል። ቲቢው በተራው ለኤችአይቪ ይመቸዋል። ባክቴሪያውን ለመዋጋት የነቁት ሴሎች ቫይረሱ በቀላሉ የሚራባባቸው ናቸውና። ሁለቱ አንድ አካል ላይ ሲገናኙ አንዱ ለሌላው መንገድ ይጠርጋል።

የሚከፋው መደበቁ ነው። በሽታ የመከላከል አቅሙ በጣም የደከመ ሰው ራጅ ሲነሳ ሳንባው ንጹህ ሊመስል ይችላል። አክታው በማይክሮስኮፕ ታይቶ ምንም ላይገኝበት ይችላል። ባክቴሪያው ግን ወደ አንገት እጢ፣ ወደ አከርካሪ፣ ወደ አንጎል ሽፋን ሄዶ ይሆናል። ሰውየው እየከሳ ቤተሰቡ "ብርድ መቶት ነው" ይላል። በዓለም ላይ ኤችአይቪ ካለባቸው ሰዎች ብዙዎቹን የሚገድለው ቲቢ የሆነው እንዲህ እየሆነ ነው።

"የኤችአይቪ መድኃኒቴን እየወሰድኩ አይደል ወይ?" የሚል ይኖራል። መድኃኒቱ አደጋውን በእጅጉ ይቀንሳል፣ ጨርሶ ግን አያጠፋውም። በኮትዲቯር ከ2,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ቴምፕራኖ የተባለ ጥናት ነበር። ለ6 ወር አይሶናያዚድ የሚባለው የቲቢ መከላከያ ኪኒን የተሰጣቸው ሰዎች ሞት ካልተሰጣቸው በ37 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። የኤችአይቪ መድኃኒት ቀደም ብለው የጀመሩትና ሲዲ-ፎራቸው ከፍ ያለውም ተጠቅመዋል። ለእኔ ከዚህ የበለጠ ማሳመኛ የለም።

ዛሬ ሌላም አማራጭ አለ፤ በሳምንት አንዴ ለ3 ወር የሚወሰድ። ከመጀመሩ በፊት ግን ሳል፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ መኖሩ መጠየቅ አለበት። አንዱም ካለ መጀመሪያ ምርመራ ይደረግ። የታመመ ሰው የመከላከያውን ኪኒን ብቻ ከወሰደ ባክቴሪያው መድኃኒቱን ሊለምደው ይችላል።

የጎንዮሽ ጉዳቱም ሳይደበቅ ይነገር። አይሶናያዚድ እጅና እግር ሊያደነዝዝ ይችላል፣ ለዚህ ቫይታሚን ቢ6 አብሮ ይሰጣል። ጉበትም ሊጎዳ ይችላል። ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ሽንት ከጠቆረ ወይም ማስታወክ ከበረታ ኪኒኑን አቁሞ ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ይህን ሁሉ ለመናገር አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ወረፋው ረጅም እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ያቺ አሥር ደቂቃ ለታካሚው ትሰጠው።