ሠላሳ ሰባተኛው እንባ

ኖቬምበር በተጋመሰ ማግሥት «የዓመቱ አንድ መቶ ምርጥ የኢሞ አልበሞች» የሚል የሙዚቃ ሃያስያን ዝርዝር ደረሰኝ። ዓመቱ ገና ከስድስት ሳምንታት የሚበልጥ ዕድሜ ነበረው። ትንፋሹ ሳይቋረጥ ገንዘው፣ ከፍነው፣ ደረጃውን በደረቱ ላይ ጽፈው አስረከቡኝ። እኔም ከልቤ አመሰገንሁ። ሌላው ሰው እስከ ዲሴምበር 31 ድረስ መኖር ግድ ሲሆንበት፣ እነዚህ ወገኖች ዓመቱን ቀድመው ኖረው መጨረሳቸው ትንሽ ነገር ነው?

ከ2015 አጋማሽ ወዲህ አዳዲስ አልበሞች በዓለም ዙሪያ ዓርብ ዓርብ እንዲወጡ ተደርጓል። (ሙዚቃው የአሜሪካ ነውና ዓመታቱንም በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ።) ስለዚህ ዝርዝሩ በደረሰኝ ቀን ቢያንስ ስድስት ዓርቦች ይቀሩ ነበር። በእነዚያ ዓርቦች አልበም ለማውጣት የደፈረ ባንድ ቅጣቱ የታወቀ ነው፤ ለዚህኛው ዓመት ዘግይቷል፣ ለሚመጣው ዓመት ደግሞ አርጅቷል። ሐዘንም ቢሆን በሰዓቱ መድረስ አለበት። እስከ ሴፕቴምበር ያልተሰበረ ልብ በዲሴምበር ቢሰበር ማን ይቈጥርለታል?

ኢሞ ምን እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት አይገባኝም፤ በአጭሩ የሆደ ባሻ ፓንክ፣ ማለትም ሆደ ባሻ የሆነ ፈጣንና ጩኸታም ሮክ ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ በዋሽንግተን ዲሲ ጡንቻ ማሳየት ብቻ የሰለቻቸው ጥቂት የሃርድኮር (ይበልጥ የከረረው) ፓንክ ልጆች ጩኸቱን ሳይቀንሱ ሆዳቸውን ገልጠው መዝፈን ጀመሩ። ራይትስ ኦፍ ስፕሪንግ የተባለው ባንድ በ1985 አልበሙን አወጣ፤ ብዙዎች ነገሩን ከዚያ ይቈጥራሉ። ስሙን ግን የተሰየመባቸው ሰዎች ከመጀመሪያው አልፈለጉትም። «ኢሞኮር» (ስሜታዊ ሃርድኮር) የሚለው መጠሪያ ብቅ ሲል፣ ኤምብሬስ በተባለው ባንድ ይዘፍን የነበረው ኢያን ማካይ መድረክ ላይ ቆሞ ተሳለቀበት። የራይትስ ኦፍ ስፕሪንጉ ዘፋኝ ጋይ ፒቾቶም ስያሜውን አልተቀበለውም። ከሃያ ዓመታት በኋላ፣ ስሙ በየወጣቱ ግንባር ላይ በወረደ ጥቁር ፀጉር በታወቀበት ዘመን፣ «ማይ ኬሚካል ሮማንስ» የተባለው ባንድ ዘፋኝ ጄራርድ ዌይም እንዲሁ እምቢ ብሏል። ታዲያ ባለቤቶቹ እየካዱት የሚሸሹትን ሙዚቃ ከኋላ በአንገትጌው ይዞ፣ ቁጥር ለጥፎ በሰልፍ የሚያቆም ሰው ሲገኝ እንዴት አይመሰገን!

የሰልፍ አስከባሪዎቹ ዓይነት ብዙ ነው። ማዕበል ቈጣሪው አለ፤ የኢሞ ባንዶችን ትውልድ በትውልድ ከፍሎ አንደኛው ማዕበል፣ ሁለተኛው ማዕበል እያለ አምስተኛው ላይ ደርሷል፤ በአራተኛውና በአምስተኛው መካከል እግሩን አንፈራጥጦ የቆመ ባንድ ካጋጠመው እንቅልፍ አይወስደውም። «ይህ እኮ ኢሞ አይደለም» ባዩ አለ፤ እርሱ የራሱን ዝርዝር አያወጣም፣ የሌላውን ያበጥራል፤ መቶውን አበጥሮ አበጥሮ አራት ያደርሰዋል፤ ከአራቱም ሦስቱ ከፈረሱ ቆይተዋል። አንደኛነትን ማንም ላልሰማው አልበም የሚሰጠውም አለ፤ ያ አልበም ሰው መስማት የጀመረ ዕለት ወደ አሥራ ሁለተኛ ያወርደዋል። ለእያንዳንዱ አልበም ሁለት ዐረፍተ ነገር ብቻ የሚጽፈውን ደግሞ አትውቀሱት። ስሙ ሲተረጐም «ዓለም ውብ ስፍራ ናት፣ እኔም ከእንግዲህ መሞትን አልፈራም» የሚሆን ባንድ በእውነት አለ፤ እርሱን ጽፎ ሲጨርስ ስለ ሙዚቃው የሚተርፈው ቦታ የት አለ?

ከሁሉም የማደንቀው ግን አንድ የማውቀው ሰው ነው። ስሙን አልጠራም፤ ብጠራው ደስ ይለዋል።

ይህ ሰው ሦስት ሳምንት ሙሉ የታገለው በራሱ ዝርዝር ላይ 37ኛውን አልበም ከ38ኛው ለመለየት ነበር። «መቶ አልበም፣ እያንዳንዱ አርባ ደቂቃ ቢሆን፣ አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ለመስማት ስድሳ ስድስት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ይፈጃል» አለኝ። «እርሱ ለሰነፍ ነው። እያንዳንዱን ከእያንዳንዱ ጋር ለማወዳደር 4,950 ግጥሚያ ያስፈልጋል። እኔ 4,949ኙን ጨርሻለሁ።» የቀረችው አንዲት ግጥሚያ ነበረች፤ አክስታዋለች፣ ፂሙን አስረዝማበታለች።

በኮምፒውተሩ ላይ ያዘጋጀውን ሠንጠረዥ አሳየኝ። ዓይን ከረጠበ 0.25። አንዲት ዘለላ እንባ ከወረደች 0.50። ሁለቱም ዓይኖች እኩል ካነቡ 1 ሙሉ። ሳግ 1.50። ስልክ አንሥቶ ወደ ቀድሞ ፍቅረኛ ለመደወል መቃጣት 2፣ መደወል 3፤ እርሷ ስልኩን ካነሣች ግን ነጥቡ በሙሉ ይሰረዛል፤ «ከዚያ በኋላ የሚፈሰው እንባ የአልበሙ ስለመሆኑ ማረጋገጫ የለም» ይላል። ተቀናሽም አለ። ውጭ ዝናብ እየዘነበ የተደመጠ አልበም 0.30 ይቀነስበታል፤ ዝናብ በራሱ የሥራውን ግማሽ ይሠራልና። የእሑድ ምሽት 0.20 ያስቀንሳል። ትራምፔት 0.15 ያስቀንሳል፤ አሜሪካን ፉትቦል የተባለው ባንድ በ1999 ባወጣው አልበም ላይ ድራም መቺው ስቲቭ ላሞስ ትራምፔት ነፍቶበታልና፣ ከዚያ ወዲህ በኢሞ ውስጥ ትራምፔት የሚነፋ ሁሉ በብድር ነው የሚነፋው ብሎ ያምናል። ፍቅረኛው የተለየችው በማርች ስለነበር ከማርች እስከ ሜይ የወጡ አልበሞች በጅምላ አሥራ ሁለት በመቶ ተቀንሶባቸዋል። በኤፕሪል የወጣ አንድ አልበም በዚህ ሳቢያ ከምርጥ አሥሩ ተባሯል። ባንዱ ስለ ሴትየዋ የሚያውቀው ነገር የለም።

የድሮዎቹ ምን ያህል ኋላ ቀር እንደነበሩ አስቡት። በኒው ዮርክ ይታተም የነበረው ቪሌጅ ቮይስ ጋዜጣ ለብዙ ዓመታት ባካሄደው የሃያስያን ምርጫ፣ አንድ ሃያሲ 100 ነጥብ ይዞ ለአሥር አልበሞች ያከፋፍል ነበር፤ ለአንዱ ከ30 ሳያስበልጥ፣ ከ5 ሳያሳንስ። በሙሉ ቁጥር! እንባ በሙሉ ቁጥር!

ወደ ሰውየው ልመለስ። ችግሩ የተፈጠረው በ38ኛው አልበም ላይ በማልቀሱ ነበር፤ በሦስተኛው ዘፈን ላይ፣ በሁለቱም ዓይኖቹ፣ ያለ ዝናብ፣ ማክሰኞ ቀን። ነጥቡን ሊመዘግብ ሲል ግን ሽንኩርት እየከተፈ እንደነበር ትዝ አለው። ሌላ ሰው ቢሆን ዝም ብሎ ያልፈው ነበር። እርሱ ግን ሌላ ሽንኩርት አምጥቶ ያለ ሙዚቃ ከተፈ፤ 0.75 አለቀሰ። ቀጥሎ ሙዚቃውን ያለ ሽንኩርት ሰማ፤ ዓይኑ እንደ ድንጋይ ደረቀ። ሁለቱን በአንድ ላይ ሲሞክር 1.25 ሆነ። እንግዲህ ትርፍ የሆነችው ግማሽ ነጥብ የማን ናት? የዘፈኑ ነው እንዳይል ዘፈኑ ብቻውን አላስለቀሰውም። የሽንኩርቱ ነው እንዳይል ሽንኩርቱ ድርሻውን ወስዷል። ሁለት ሌሊት አሰበበት። በመጨረሻም ፍትሕ እንዳይጓደል 37ኛውንም በሽንኩርት መፈተን እንደሚገባ ወሰነ፤ ፈተነውም። ከዚያ ደግሞ የመጀመሪያው ሽንኩርት ትኩስ፣ ሁለተኛው የሰነበተ መሆኑን ደረሰበት። እንደገና ከዜሮ ጀመረ። ጎረቤቶቹ ያን ሰሞን ስለ ጤናው ይጠያየቁ ነበር፤ ዓይኑ አብጦ፣ እጁ ሸትቶ፣ በጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ ሲያዩት አንድ ነገር ደርሶበታል ብለው ሥራ የሚያግዙት ሁሉ ነበሩ። እርሱም ይህን አጋጣሚ አላባከነውም፤ በሌላ ሰው ርኅራኄ የመጣ እንባ የሚመዘገብበት አንድ ረድፍ ጨመረ።

ውጤቱ በሦስተኛው ሳምንት ታወቀ። አንዱ 7.84፣ ሌላው 7.83። ቦታ ተለዋወጡ፤ 38ኛው 37ኛ ሆነ፣ 37ኛውም 38ኛ።

«ይህን ልዩነት ማን ያየዋል?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ባንዶቹ» አለኝ።

ሳቄ እዚህ ላይ ይቆማል፤ እውነቱን ነውና። ባንዶቹ ያዩታል። አራት ሆነው በአሮጌ መኪና ከከተማ ወደ ከተማ እየነዱ፣ ሠላሳ ሰው በሞላው ምድር ቤት ዘፍነው፣ በማያውቁት ሰው ቤት ወለል ላይ የሚያድሩ ልጆች ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች በጣታቸው እየተከተሉ ስማቸውን ይፈልጋሉ። በዚያ በደረሰኝ ዝርዝር ውስጥ፣ ስልሳዎቹ አካባቢ፣ የሞተ ጓደኛውን ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው የሚጠራ ሰው አልበም አለ። ከሥሩ የተጻፈው አስተያየት ከቀድሞው አልበም ይልቅ በዚህኛው ሕመሙ ቀዝቀዝ ማለቱን የሚነግር ነው። ሕመሙ ቀዝቅዟል! ምን ይሁንልህ? ሌላ ጓደኛ ይሙትለት? ሰው ሐዘኑን ሊወጣ ሲፍጨረጨር አንተ ከአምናው ጋር አስተያይተህ ነጥብ ትቀንስበታለህ? ሙዚቃው ደካማ ከሆነ ደካማ ነው በል፤ ጊታሩ አልጣመኝም፣ ግጥሙ ሰነፍ ነው በል፤ ያ ሥራህ ነው። የሰውን ቁስል ግን ካለፈው ዓመት ጠበበ ብለህ አትውቀስ። ይህን የጻፈ ሰው በዚያው ምሽት እራቱን በልቶ ተኝቷል፤ እኔ አልተኛሁም።

እሺ፣ በረደልኝ። ወደ ምስጋናዬ።

ደረጃ አውጪዎች ተሳስተው አያውቁም የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም። ዊዘር የተባለው ባንድ በ1996 ፒንከርተን የተባለውን አልበም አወጣ፤ ዘፋኙ ሪቨርስ ኩሞ ገመናውን ሁሉ ዘርግፎበት ነበር። የሮሊንግ ስቶን መጽሔት አንባቢዎች በዓመቱ ከታዩት መጥፎ አልበሞች መካከል አሰለፉት። ሰውየው ክፉኛ ተጎዳ፤ የባንዱ ቀጣይ አልበም እስኪወጣ አምስት ዓመት ገደማ ፈጀ። በ2004 ያው መጽሔት ለዚያው አልበም አምስት ኮከብ ሰጠው። እንግዲህ በ1996ም ልክ ነበሩ፣ በ2004ም ልክ ናቸው። አልበሙ ነው እንጂ የተለዋወጠው! ያን ጊዜ አንዲት ኖታ ሳትቀየር በድብቅ የተሻሻለ መሆን አለበት።

ያንን ባለ ትራምፔቱን የአሜሪካን ፉትቦል አልበምም እዩት። በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ይማሩ የነበሩ ሦስት ልጆች በአራት ቀን ቀርፀውት፣ ወዲያው ባንዱን አፍርሰው ወደየኑሯቸው ተበተኑ። ማንም በቁጥር አልጠራቸውም፤ ሰው ለሰው እያቀበለው፣ አንዱ ለከፋው ጓደኛው እያሰማው፣ አሥራ አምስት ዓመት ቆየ። በ2014 ተመልሰው መድረክ ላይ ሲወጡ ያልጠበቁት ሕዝብ ጠበቃቸው። በሽፋኑ ላይ የሚታየው የኧርባና ከተማ ቤት ሳይቀር አድናቂ ከፊቱ ቆሞ ፎቶግራፍ የሚነሣበት ሆነ፤ በ2023ም ባንዱ ከአሳታሚውና ከሌሎች ጋር ሆኖ ቤቱን ገዛው። አሥራ አምስት ዓመት! የእኔ ወዳጅ በዚህ ጊዜ ውስጥ ስንት ሽንኩርት ይከትፍ ነበር።

በዲሴምበር ሁለተኛው ዓርብ አንድ አልበም ወጣ። የማንም ዝርዝር ውስጥ የለም፤ ሊኖርም አይችልም፣ ዓመቱ ከተቀበረ አራት ሳምንት ገደማ ሆኖት ነበርና። ማታ ብቻዬን ተቀምጬ ሰማሁት። አራተኛው ዘፈን ላይ፣ ዘፋኙ መጮሁን ትቶ እንደ መናገር ሲል፣ ዓይኔ ረጠበ። ወዲያው 0.25 ብዬ አሰብሁ፤ ልማዱ ተጋብቶብኛል። ቀና ስል ውጭ ዝናብ ይዘንባል።

ለወዳጄ ደወልሁለትና ነገሩን አስረዳሁት። ጥቂት ዝም አለ። የሠንጠረዡን መክፈቻ ሲጫን ተሰማኝ።

«ከመስኮቱ ምን ያህል ርቀህ ነበር የተቀመጥኸው?» አለኝ።