መጽሐፉ ቢወጣም መደርደሪያው ይቆይ

ደሴ ፒያሳ ውስጥ ለብዙ ዘመን መጽሐፍ ሲሸጥበት የኖረ አንድ አሮጌ ቤት ሊከራይ ነው። መደብሩ ተዘግቷል። አሁን የከተማው ወሬ ቀጣዩ ተከራይ ማን ይሆን የሚል ነው። ካፌ ነው የሚል አለ፤ ባንክ ነው የሚልም አለ። ገሚሱ "መጽሐፍ ቤትነቱን ከለቀቀ ሞተን እንገኛለን" ይላል። ገሚሱ ደግሞ "አርጅቷል፣ ፈርሶ ፎቅ ይሠራበት" ባይ ነው።

እኔ በሁለቱም አልስማማም። ንግዱ ይቀየር፤ ቤቱ ግን አይነካ።

ስለ ንግዱ እውነቱን እንነጋገር። ልብ ወለዱ በፒዲኤፍ ከስልክ ስልክ ይዞራል። የወረቀት ዋጋ ጣሪያ ነክቷል። መስከረም ላይ ደብተርና እስክሪብቶ ይሸጣል፤ ከዚያ በኋላ ጭር ነው። ባለቤቱን "ለእኛ ትዝታ ስትል ክሰር" ማለት ግፍ ነው።

ቤቱ ግን ሌላ ነገር ነው። ስትገቡ የወለሉ ጣውላ ይጮሃል። መደርደሪያው ከወለል እስከ ኮርኒስ ድረስ ከግድግዳው ጋር የተሠራ ነው፤ የላይኛውን መጽሐፍ ለማውረድ መሰላል ያስፈልግ ነበር። ባንኮኒው ክንድ የበዛበት ቦታ ላይ ጎድጎድ ብሏል። የወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት ተማሪዎች መያዣ አስይዘው ልብ ወለድ የሚከራዩት እዚያ ነበር። መጽሐፉ በስንት እጅ ዞሮ፣ ሽፋኑ በፕላስተር ተለጥፎ ይመለሳል። በማግስቱ ሌላው ይወስደዋል። ስንቱ የወሎ ልጅ ማንበብ የለመደው እንዲህ ነው።

አዲስ ተከራይ ሲገባ የሚሆነውን በየመንገዱ አይተነዋል። መደርደሪያው ለማገዶ ይሄዳል። ጣውላው በሴራሚክ፣ ኮርኒሱ በጂብሰም ይተካል። ፊት ለፊቱ አሉኮቦንድ ይለብሳል። ያ ቤት ደሴ ይሁን አዳማ መለየት ያቅታል።

ሌላ መንገድ እንዳለ የሚያሳይ ቤት ኒውዮርክ አምስተኛ ጎዳና ላይ አለ። የስክሪብነርስ መጽሐፍ መደብር ይባል ነበር። ኧርነስት ፍላግ የተባለ አርክቴክት ነድፎት እ.ኤ.አ. በ1913 ተጠናቀቀ። የውጪ ገጽታው በ1982 በቅርስነት ተመዘገበ። መደብሩ በ1989 ሲዘጋ ከተማዋ በዚያው ዓመት የውስጡንም አዳራሽ መዘገበች። ከዚያ በኋላ የልብስ ነጋዴው ቤኔተን ገባበት፤ የመዋቢያ ነጋዴው ሴፎራም ገባበት። ሸቀጡ ሲለዋወጥ የብረትና የመስታወት ፊቱ፣ ሰገነቱም ቆየ። እኔን የገረመኝ ጊዜው ነው። ምዝገባው የልብስ ነጋዴዎቹን ቀድሟል። ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ የሚመዘገብ ነገር ላይገኝ ይችል ነበር።

ለእኛም አዲስ ነገር አይደለም። የደሴ ሙዚየም የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ ነበር። አገልግሎቱ ተቀየረ፤ ቤቱ ተረፈ። ይኸው ሙዚየም በ2014 ዓ.ም. ጦርነት መዘረፉን ማን ይረሳዋል? ያን ያህል ያጣ ከተማ የቀረውን በገዛ እጁ ሲያፈርስ ማየት ያማል።

ሕግም አለን። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ሲታደስ አስቀድሞ ፈቃድ እንዲገኝ ያዛል። ችግሩ ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ቅርስ መሆናቸው ለሁሉም ግልጽ ነው፤ ሱቅ ግን ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

ስለዚህ የከተማው ባህልና ቱሪዝም ባለሙያዎች ውሉ ሳይፈረም ቤቱን ይለኩት፣ ፎቶ ያንሱት፣ ይመዝግቡት። መደርደሪያው፣ የጣውላው ወለልና የፊት መዝጊያዎቹ እንዳይነቀሉ በኪራይ ውሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ። ሸክሙን ባለቤቱ ብቻውን እንዳይሸከም ደግሞ ከተማው ከኪራይ ግብሩ ላይ ይቀንስለት። ጣውላ መጠገን ከሴራሚክ ሊወደድ ይችላል፤ ልዩነቱን ሁላችን መካፈል አለብን። ካፌ የሚከፍተው ሰው ስኒውን እዚያው መደርደሪያ ላይ ይደርድር። አንዱን ረድፍ ለመጽሐፍ ቢተውልን ደግሞ እኔ የመጀመሪያው ደንበኛ ነኝ።