እርማት፦ ባለ ስድስት አኃዝ የግሪድ ቁጥር ነጥብን ሳይሆን ካሬን ያመለክታል

«ወታደሮች የሚጠቀሙበት ባለ ስድስት አኃዝ የግሪድ ቁጥር ትክክለኛውን ነጥብ ይሰጣል፤ አኃዙ ሲበዛ ደግሞ ትክክለኛነቱ ይጨምራል» ተብሎ የተጻፈው በብዙዎች ዘንድ የተለመደ አባባል ቢሆንም መታረም ይኖርበታል። ካርታን በቋሚና በአግዳሚ መስመሮች ወደ ካሬዎች በሚከፍለው በወታደራዊው የግሪድ ሥርዓት አራት አኃዝ 1,000 ሜትር፣ ስድስት አኃዝ 100 ሜትር፣ ስምንት አኃዝ 10 ሜትር፣ አሥር አኃዝ ደግሞ 1 ሜትር ጎን ያለውን ካሬ ይለያል፤ ቁጥሩም የሚነበበው ከካሬው ደቡብ ምዕራባዊ ማዕዘን ነው። ስለዚህ 347682 የተባለ ቦታ ከ34ኛው ቋሚ መስመር 700 ሜትር ወደ ምሥራቅ፣ ከ68ኛው አግዳሚ መስመር 200 ሜትር ወደ ሰሜን ተለክቶ በሚጀምረው ካሬ ውስጥ የትም ሊሆን ይችላል። ከቋሚው መስመር 780 ሜትር ርቆ የሚገኝ ድልድይ እንኳ 7 እንጂ 8 ተብሎ አይጻፍም፤ ቁጥሩ ወደ ላይ ከተጠጋጋ ድልድዩ የሌለበት አጎራባች ካሬ ይነበባልና።

የአባባሉ ሁለተኛ ክፍል የበለጠ ያሳስበኛል። በ1፡50,000 ካርታ ላይ 10 ሜትር ማለት 0.2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ በደንብ ያልተቀረጸ እርሳስ የሚያሰምረው መስመር ከዚህ ይሰፋል። ስለሆነም ከወረቀት ካርታ በዓይን ግምት ስምንት አኃዝ አንብቦ በሬዲዮ የሚያስተላልፍ ሰው፣ ያልለካውን እርግጠኝነት ለሰሚው እየሰጠ ነው፤ የመድፍ ድጋፍ ወይም ቁስለኛ የሚያነሳ ሄሊኮፕተር በሚጠየቅበት ጊዜ ይህ ስሕተት ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። አኃዙ ምንም ያህል ቢበዛም፣ ካርታው የተሠራበት ዳተም (የቦታ ልኬት መነሻ የሚሆነው የምድር ቅርጽ ማመሳከሪያ) እና በጂፒኤስ መሣሪያው ላይ የተመረጠው ዳተም ካልተመሳሰሉ ቦታው በመቶዎች በሚቆጠር ሜትር ሊዛነፍ ይችላል።