ተራ አስከባሪዎቻችን ይኑሩልን

ባጃጅ ተራ ላይ ያሉትን ማለቴ አይደለም። እነሱማ ቢያንስ የድሬ ፀሐይ እየጠበሳቸው ነው የሚጮሁት። እኔ የማመሰግነው ከአሜሪካ ለእረፍት መጥተው፣ በርጫ ላይ ትራስ ተደግፈው የአሜሪካን ድንበር የሚያስከብሩልንን ነው። ታውቋቸዋላችሁ፣ በየቤቱ አንድ አይጠፋም።

ባለፈው አርብ ሳቢያን አንድ ቤት ተጋብዤ አንዱን አገኘሁት። ወሬው በልጅነታቸው አሜሪካ ገብተው ያለ ወረቀት ስላደጉት ወጣቶች ነበር። ቋሚ መኖሪያ ይሰጣቸው ወይስ አይሰጣቸው? እንግዳችን ጫቱን ወደ ጉንጩ ገፋ አድርጎ "አቦ፣ ሕግ ሕግ ነው! እንደኛ ተራቸውን አይጠብቁም እንዴ?" አለ። እንዴት ያለ ጥበብ ነው! ለካ ጥፋቱ የልጁ ኖሯል።

እስቲ አስቡት። የሁለት ዓመት ልጅ ነው። እናቱ አዝላው ድንበር ልትሻገር ነው። ጨዋ ልጅ ቢሆን ኖሮ "እማዬ አውርጂኝ፣ ቪዛ የለኝም" ብሎ ከጀርባዋ ይወርድ ነበር። ከዚያ ወድቆ እየተነሳ ኤምባሲ ይሄዳል። "የመጨረሻው ማነው?" ብሎ ይሰለፋል። እንቅልፍ ሲመጣበት ቦታውን በድንጋይ ይይዛል፤ ድንጋይ ካጣ በጡጦው። ዳይፐሩ ሲሞላም ተራው እንዳያልፈው ዝም ይላል። መስኮቱ ጋ ሲደርስ ቁመቱ ስለማይበቃ ዘበኛው ብድግ ያደርገዋል። "የሥራ ልምድ?" "ዳዴ፣ ስድስት ወር።" "ወጪህን ማን ይሸፍናል?" "ጡት እጠባለሁ።" "ወደ አገርህ እንደምትመለስ ማስረጃህ ምንድነው?" "ኳሴን አያቴ ቤት ትቻለሁ።" አላሳመንከንም ይሉታል። ከስድስት ወር በኋላ ጥርስ ጨምሮ ይመለሳል። አሁን ደግሞ ከፎቶው ጋር አይመሳሰልም።

ቀልዱ ይቅር። ሰልፉ ራሱ የለም! ዳካ የሚባለው ኦባማ በ2012 (በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ያመጣው ፈቃድ ነው። 16 ዓመት ሳይሞላው የገባ፣ ከ2007 ጀምሮ እዚያው የኖረ፣ ያኔ 31 ያልሞላው ልጅ ለሁለት ዓመት እንዳይባረር፣ ሥራም እንዲሠራ ተፈቀደለት። በቃ። ሁለት ዓመቱ ሲያልቅ እንደገና ማመልከት፣ እንደገና መክፈል። ፈቃዱ በራሱ ወደ ግሪን ካርድ አያደርስም። ድሪም አክት የተባለው ረቂቅ ያንን በር ሊከፍት በ2001 ቀረበ። በ2010 የተወካዮች ምክር ቤት አሳለፈው፣ ሴኔት ላይ ግን 60 ድምፅ ሲፈለግ 55 አግኝቶ ወደቀ። በ2012 የ30 ዓመት "ወጣት" የነበረው ዛሬ 40ን አልፏል፣ ሽበት ጀምሮታል፣ እሱ ግን አሁንም ሕይወቱን በሁለት ሁለት ዓመት እየቆረጠ ነው የሚኖረው። ታዝሎ ለገባበት ነገር ሰውን እስከ ሽበቱ ማስከፈል ምን የሚሉት ሕግ ነው? ቋንቋውን ወደማያውቀው አገር "ተመለስ" ማለትስ? ነውር ነው! ከኛ አፍ ሲወጣ ደግሞ ይብሳል።

ተናጋሪው የድሬ ልጅ ነዋ! ባቡሩ በ1902 ደርሶ በቆረቆራት፣ ግሪኩም አርመኑም የመኑም ጓዙን ይዞ በገባባት ከተማ የተወለደ። ያንተን አያት ባቡር ጣቢያው ላይ ማን ነው ተራህን ጠብቅ ያላቸው?

ረስቼው፣ እንግዳችን አሜሪካ የገባው በዲቪ ነው። በሚሊዮን ከሚቆጠር ስም መሃል ኮምፒውተር በዕጣ አውጥቶት። ይህን ሌላው ሰው ሎተሪ ይለዋል፣ እሱ "ተራ" ይለዋል።

የቤቱ እናት ቡና እየቀዱ ነበር። "አንተ ልጄ" አሉት፣ "ዲቪው ሲደርስህ ከፊትህ ስንት ሰው ነበር?"

እንግዳችን ሳቅ አለ። ውሃውን አንስቶ ጠጣ። ከዚያ ወደ አጎቱ ልጅ ዞሮ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ያ ፓስፖርቱን የሚያፈጥንልን ሰውዬ ደወለ እንዴ?"