የልጆቿን ሰማን፤ የእሷንስ?

ወገኖቼ፣ እናቶቻችንን በምንቀብርበት ቀን የማንን ሕይወት እንደምናነብ ልጠይቃችሁ እፈልጋለሁ። የምጠይቀውም ከበደለኞቹ አንዱ፣ ምናልባትም ዋነኛው፣ ሆኜ ነው።

እናቴ ያረፈችው ባለፈው ዓመት ነው። የሕይወት ታሪኳን እንድጽፍ ለእኔ ተሰጠኝ፤ ለቅሶ ቤቱን ሰው ሞልቶት፣ አንድ ጥግ ተቀምጬ በስልኬ ጻፍኩት፤ ከ20 ደቂቃ በላይ አልፈጀብኝም። በማግስቱ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ አስከሬኗ ፊት ሲነበብ፣ ከአንድ ገጽ ተኩሉ አንዱ ገጽ የእኛ ነበር፤ የታላቅ ወንድሜ ሁለተኛ ዲግሪ፣ የእህቴ የውጭ ሀገር ኑሮ፣ የእኔ የሥራ ኃላፊነት፣ የልጅ ልጆቿ ትምህርት ሳይቀር። ለእሷ የተረፋት «ሩኅሩኅና እንግዳ ተቀባይ ነበረች» የሚለው፣ ለማንም ሟች የሚነበበው መስመር ነው። አንባቢው ወረቀቱን ሲያጥፍ፣ ከእሷ ጋር በአንድ መንደር ተወልደው በከተማም የተጎራበቱት እማማ ክንዴን ይዘው «ልጄ፣ የልጆቿን ሰማን፤ የእሷን መቼ ነው የምታነቡት?» አሉኝ። ሌላ ወረቀት ያለ መስሏቸው ነበር።

ከተዘለለው ይልቅ የተዋሸው ያንገበግበኛል። «ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ተዳረች» ብዬ ጽፌአለሁ። ከራሷ አፍ የሰማሁት ግን፣ በ1955 ዓ.ም. ሲድሯት 13 ዓመቷ እንደነበር፣ በቅሎ ላይ እንቅልፍ ወስዷት በማታውቀው ቤት ነቅታ «እናቴስ?» ብላ እንደጠየቀች ነው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ ለሴት ልጅ ጋብቻ 15 ዓመት ይል ነበር፤ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ወደ 18 ከፍ ሲያደርገው እሷ አያት ሆናለች። ያን ሁሉ በአራት ቃል ሸፈንኩት፤ ለቀስተኛውን ላለማሳፈር።

ከአርባዋ በኋላ ሣጥኗን ስንከፍት አንድ ደብተር አገኘን። በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር፣ ትንሹን ልጇን አዝላ ማታ ማታ በቀበሌ ትማር ነበር። ገጹ ከላይ እስከ ታች በእርሳስ የተጻፈ ስሟ ብቻ ነው፤ የላይኞቹ ፊደላት ተጋድመዋል፣ ወደ ታች እየወረዱ ቀጥ ይላሉ። ባንክ ቤት የአሻራ ቀለሙን በእጇ ገፋ አድርጋ «እስክሪብቶ ስጡኝ» ስትልና ቀስ ብላ ስትፈርም፣ ሰልፉን አስቆመች ብዬ አፍርባት ነበር። አዝላው የተማረችው ልጅ እኔ ነኝ።

ወገኖቼ፣ ይህ በእኔ ቤት ብቻ የሆነ ቢሆን ዝም ባልኩ። ከዚያ ወዲህ በቆምኩበት ቀብር ሁሉ ጆሮዬን ሰጥቼ ሰምቻለሁ፤ እናቶች በልጆቻቸው ማዕረግ እየተቆጠሩ ወደ መቃብር ይወርዳሉ። ለድንኳኑ፣ ፎቶዋ ለታተመበት ካናቴራ አንሰስትም፤ በቁሟ ግን አንድ ከሰዓት ተቀምጠን «ከዚያስ?» የምንልበት ጊዜ አጣን። ስታወጋን ስልካችንን እየነካካን አልነበረምን? «ይህን ነግረሽናል» ብለን አላቋረጥናትምን? እኔ አቋርጫታለሁ፣ ያውም ደጋግሜ።

እናቶቻችሁና አያቶቻችሁ በሕይወት ያሉላችሁ፣ እባካችሁ ታሪካቸውን ለቀብሩ ዋዜማ አታቆዩት። ብዙዎቻችሁ እንደማትሰሙኝ አውቃለሁ፤ እኔም ይህን የሚል ሰው ቢመክረኝ ኖሮ ራሴን ነቅንቄ አልፈው ነበር።

ለሙት ዓመቷ ሌላ ወረቀት ለመጻፍ አስቤ ወደ እማማ መመላለስ ጀምሬአለሁ። ጆሯቸው ደክሟል፤ ዓመታቱንም ያቀላቅላሉ። ባለፈው እሑድ ልጄ አብራኝ ሄዳ፣ አያቷ በልጅነቷ ማን ትባል እንደነበር ጮክ ብላ ጠየቀቻቸው። እማማ ሳቁና አንድ የቁልምጫ ስም ነገሯት፤ እኔ በዕድሜዬ ሰምቼው አላውቅም።